ባለሁለት ቱቦው ሚስትራል ሬጉሌተር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ውሃ የማስወጣቱ ጉዳይ

የፈረንሳዩ ኩባንያ ላ ስፒሮቴክኒክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበውን ሚስትራል የተባለ ባለሁለት ቱቦ የጠላቂዎች ሬጉሌተር (በሲሊንደር የታመቀውን አየር ለመተንፈስ በሚመች ግፊት ለጠላቂው የሚያቀብል መሣሪያ) ከጅቡቲ ገዝቼ ወደ ድሬዳዋ ካመጣሁት ወራት ተቆጥረዋል። ለልምምድ እዚሁ በመዋኛ ገንዳ፣ ለእውነተኛው ሥራ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤና በሙሻ ደሴት ዙሪያ ተጠቅሜበታለሁ። ዕቃውን ያየ ጠላቂ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አፍ ላይ የሚነከሰው ክፍል ውሃ ሲገባበት እንዴት ይጸዳል?

በዛሬዎቹ ሬጉሌተሮች ላይ ሲጫኑት አየር ለቅቆ ውሃውን የሚያስወጣ ቁልፍ አለ። ሚስትራል ይህ የለውም፤ ዲያፍራሙም (በውሃው ግፊት ሲገፋ አየሩን የሚከፍተው ተጣጣፊ ስስ ጎማ) ሆነ የማስወጫው ቫልቭ ከጠላቂው ጀርባ፣ በሲሊንደሩ አናት ላይ በሚታሰረው ክብ ሳጥን ውስጥ ናቸውና። በቀኝ ትከሻ በኩል የሚመጣው ቱቦ አየር ያቀብላል፣ በግራ የሚመለሰው የተነፈሱትን አየር ወደ ሳጥኑ ይወስዳል። ከዚህ በኋላ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ከፍታ ነው። 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት የሚጨምር በመሆኑ፣ በአፍ መያዣውና በዲያፍራሙ መካከል ያለው የ20 ሳንቲሜትር ልዩነት 0.02 ባር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ጥቂት ቢመስልም ዲያፍራሙን ለማንቀሳቀስ ይበቃል። ስለዚህ አፍ መያዣው ከሳጥኑ ከፍ ሲል አየሩ ማንም ሳይስበው ይፈሳል፣ ዝቅ ሲል ይቆማል።

ይህ ከገባን አሠራሩ ግልጽ ነው። አፍ መያዣው ከአፍ ከወጣ፣ ውስጡ ባለው አየር ምክንያት ቱቦው ከራስ በላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ከዚያም አየሩ እየፈሰሰ ሳለ ወደ አፍ ማስገባት ነው። ቱቦዎቹ ውሃ ከያዙ ግን ሰውነትን ወደ ግራ ጎን ማዞር ያስፈልጋል፤ የማስወጫው ቱቦ ከታች ሲሆን ከቀኙ ቱቦ የወረደው ውሃ በአፍ መያዣው በኩል ወደ እርሱ ይሻገራል፣ ጠንከር ያለ አንድ ትንፋሽም በቫልቩ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ትንፋሽ፣ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ በዝግታ መሳብ አለበት፤ ሁልጊዜ የምትቀር ጠብታ አትጠፋምና።

የገዛሁት ሬጉሌተር አፍ መያዣ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ቫልቮች ስላልነበሩት፣ ይህን መገላበጥ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። በኋላ ግን በሁለቱም በኩል ስስ የጎማ ቫልቭ ያለው አፍ መያዣ ገጠምኩለት። አሁን ውሃው ወደ አቅራቢው ቱቦ ስለማያልፍ፣ በየትኛውም አቋም ላይ ሆኖ መንፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ዕቃ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ዋጋውን ያወጣልኝ ይህ ክፍል ነው ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ቱቦዎቹንም እንዲሁ በሲሊኮን ቀይሬአለሁ፤ መለዋወጫውን ግን ሁሉ ይገኝበታል በሚባለው፣ እዚሁ ድሬዳዋ ባለው የታይዋን ገበያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ከውጭ ማስመጣት ግድ ይላል።

የአተነፋፈሱ ስሜት ከአቋም ጋር ይለዋወጣል። በሆድ ሲዋኙ ሳጥኑ ከሳንባ በላይ ስለሚሆን መሳቡ ትንሽ ይከብዳል፣ በጀርባ ሲተኙ ደግሞ አየሩ ከሚፈለገው በላይ ይመጣል። በምትኩ አረፋው ከጀርባ ስለሚወጣ ፊት ለፊት ምንም አይጋርድም፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ታጁራ ላይ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ለሚሄድ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ለመጠባበቂያ መተንፈሻ የሚሆን መውጫ ስለሌለው ግን ዘመናዊ መሣሪያ ከያዘ ጓደኛ ውጭ አልጠልቅበትም፣ ለጀማሪም አልመክረውም።

ጠልቆ ወዲያው የአየር ግፊት ወደሚቀንስበት ከፍተኛ ቦታ መውጣት አደገኛ ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ከጠለቅሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ጅቡቲ አድሬ ነው ባቡር የምሳፈረው፤ ሐረር ለሚኖር ደግሞ ከፍታው ስለሚብስ ጥንቃቄውም ይጨምራል። እቤት ስደርስ፣ ባሕሩ ዳር በንጹህ ውሃ የታጠበውን ሬጉሌተር እንደገና አጥበዋለሁ። የከተማችን ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ካልክ ስላለበት፣ የመጨረሻውን እጥበት ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ አደርገዋለሁ፤ በተለይ የማስወጫው ቫልቭ ከንፈሮች ላይ ቅርፊት ከተቀመጠ በደንብ ስለማይገጥሙ፣ የግራው ቱቦ ውስጥ የሚንቦራጨቅ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቱቦዎቹን ሰቅዬ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ከጠበቅሁ በኋላ ሙቀትና ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ።