ሄፕ-ጂ2 ወይስ የለጋሽ ጉበት ሕዋስ?

የጉበት ጥናት የሚጀምር ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ በየትኛው ልሥራ? ሄፕ-ጂ2 በላብራቶሪ እየተባዛ የሚኖር የጉበት ዕጢ ሕዋስ ነው፤ የለጋሽ ሕዋስ ደግሞ በቀጥታ ከሰው ጉበት የተወሰደ ነው።

ዋጋ፦ ሄፕ-ጂ2 ርካሽ ነው፤ አንዴ ከተገኘ እየተባዛ ይቀጥላል። የለጋሽ ሕዋስ ውድ ነው፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፣ ሳህን ላይም አይባዛም ማለት ይቻላል።

አያያዝ፦ ሄፕ-ጂ2 ጀማሪን ይታገሣል። የለጋሹ ሕዋስ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን የተቀባ ሳህን ይፈልጋል። ባለ ማዕዘን የነበረው ሕዋስ በቀናት ውስጥ እየተለጠጠ ሥራውን ሲረሳ በማይክሮስኮፕ ማየት ያሳዝናል።

ታማኝነት (እውነተኛውን ጉበት መምሰል)፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሄፕ-ጂ2 የተገኘው ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ የጉበት ዕጢ ነው። መድኃኒት የሚለውጡት የሲዋይፒ450 ኢንዛይሞቹ በጣም ደካማ ናቸው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ወደ መርዝ የሚቀየረው ግን በእነዚሁ ኢንዛይሞች ነው! ስለዚህ አንድ መድኃኒት በሄፕ-ጂ2 ብቻ ተፈትሾ "ጉበት አይጎዳም" መባሉን አልቀበልም፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ታማሚ ነውና። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም በቀላሉ አይገባበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው የቫይረሱ መግቢያ በር፣ ኤንቲሲፒ የሚባለው ፕሮቲን፣ ሄፕ-ጂ2 ላይ በበቂ መጠን የለም።

ውጤት መደጋገም ላይ ሄፕ-ጂ2 ይሻላል፤ የለጋሽ ሕዋስ ከሰው ሰው ይለያያል።

ብዙ ውህዶችን በመጀመሪያ ዙር ለማጣራት ወይም ዘረመል ለመቀየር ሄፕ-ጂ2 ይበቃል። የመድኃኒት ጉዳትን ወይም የቫይረሱን አገባብ ለሚያጠና የለጋሽ ሕዋስ ይሻላል፤ ያውም ከአንድ ሰው ብቻ ባይሆን።