ከቦሎ በፊት የጭስ ምርመራ በአዳማ ጋራዦች፦ ገንዘቡን የሚያወጣው መቼ ነው?

ለዓመታዊ ምርመራ ከመቅረብ በፊት ጭስ ለክቶ ፖምፓና ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚገፋውንና ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን) የሚያስተካክል ጋራዥ አዳማ ላይ ማግኘት አይከብድም። የሚከብደው በትክክል የሚለካውን መለየት ነው።

በናፍጣ መኪና እንጀምር። የሞተሩ ዘይት ቢያንስ 80 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ወረፋ ሲጠብቅ የቀዘቀዘ አይሱዙ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። መጀመሪያ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸት እንዲወጣ ጥቂት ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ ማርሹ ነጻ ሆኖ ፔዳሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እስከ ታች ይረገጥና ሞተሩ የመጨረሻ ዙሩን ሲነካ ይለቀቃል። የሦስት ልኬት አማካይ ይያዛል። ቀስ ብሎ የሚረግጥ መካኒክ ቁጥሩን ያሳምረዋል፤ ደንበኛው ተደስቶ ይሄድና ምርመራ ጣቢያው ላይ ይወድቃል። ጎበዙ ደግሞ ከመርገጡ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቃል፤ ያረጀ ቺንጋ በዚያ ዙር ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

ለቤንዚን መኪና የመሣሪያው ቱቦ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ)ና በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይለካል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ብሎ ላምዳው (የአየርና የነዳጅ ምጣኔው፣ ልኩ 1 ነው) ከ1.03 በላይ ከወጣ ቶሎ አይደሰቱ፤ ብዙ ጊዜ የተቀደደ ማርሚታ አየር እያስገባ ነው።

ገደቡስ? ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የተሽከርካሪ ምርመራ መመሪያ፣ አምራቹ የራሱን ቁጥር ካልጻፈ፣ የጭሱ ጥቁረት ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፊ) ለሌለው ናፍጣ 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0፣ ከእ.ኤ.አ. 2008 አጋማሽ ወዲህ ለተመዘገበ 1.5 በሜትር ነው (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጭሱ ይበልጥ ብርሃን ይከለክላል)። ገደብ አውጪዎች የሚያዩት በዚያ ዘመን የተሠራ መኪና በደንብ ከተያዘ የት ሊደርስ እንደሚችል ነው። ስለዚህ የምርት ዘመኑንና ቱርቦውን ሳይጠይቅ «አልፏል» የሚል ጋራዥ ከምን ጋር አመሳክሮ እንዳለው እንጃ።

አንዳንዶች አገልግሎቱን በአገሪቱ የአየር ንብረት ዕቅድ ስም ይሸጡታል። ያ ሌላ ስሌት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበችው ዕቅድ፣ ምንም እርምጃ ባይወሰድ እ.ኤ.አ. በ2030 ይደርሳል ከተባለው 403.5 ሚሊዮን ቶን የበካይ ጋዝ ልቀት ላይ 68.8 በመቶ መቀነስን ያስቀምጣል፤ አብዛኛው ቅነሳ የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ሲሆን የውጭ ገንዘብ ድጋፍንም ይጠይቃል። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የሚከተለው የተቃጠለውን ሊትር ነው። ጭስ ማጥራት የሰፈሩን ሳንባ ይጠቅማል፣ ያ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ትልቁ ቅሬታ የፖምፓው ነው። ለማሳለፍ ብቻ ነዳጁን የሚቀንሱ አሉ፤ ቁጥሩ ያምራል፣ የተጫነ መኪና ግን ወደ ሞጆ ሽቅብ ሲል ጉልበት ያጣል፤ ባለቤቱም በሳምንቱ መልሶ ያስከፍተዋል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ደግሞ አዳማ ላይ ለጥቂት ካለፈ፣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ በምትለው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ይበልጥ ያጨሳል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ ይቀየር፣ ቀጥሎ ኢንጀክተር ይፈተሽ፣ ፖምፓው መጨረሻ ይነካ።

በጥቅሉ ከአምስት ሦስት ኮከብ። ሦስቱን ልኬት፣ የዘይቱን ሙቀትና ዙሩን አትሞ ለሚሰጥ አራት፤ በቃል ብቻ «ደህና ነው» ለሚል አንድ።