ደካማ ጥንድ ይዞ መወራረድ ወይስ ቼክ?

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር (የካርታ ጨዋታ) በእጅህ ሁለት 6 ይዘሃል እንበል። ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የጋራ የሆኑ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ንጉሥ፣ 8 እና 2 ወጡ። ተጋጣሚህ ቼክ አለ፤ ማለትም ሳይወራረድ ተራውን አሳለፈ። ብትወራረድ በአብዛኛው የሚከተልህ ንጉሥ ወይም 8 ያለው ነው። ከአንተ ያነሰው ካርታውን ይጥላል። ታዲያ ከማን ልትበላ ነው? እኔ እዚህ ቼክ እላለሁ፤ መሃል ያለው ብር ሳያብጥ ወደ መጨረሻው መድረስ ይሻላል።

ቼክ ግን ነፃ ካርታ ይሰጣል፤ ተጋጣሚህ ቀጣዩን ካርታ ሳይከፍል ያያል። ንግሥትና ጃክ የያዘ ሰው የሚያድኑት 6 ካርታዎች (3 ንግሥትና 3 ጃክ) አሉት፤ ቀጣዩ ላይ የማግኘት ዕድሉ 13 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በንጉሡ ፋንታ 3 ወጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ከ6 የሚበልጠው 8 ብቻ ቢሆን ትንሽ፣ መሃል ካለው ብር ሲሶ ያህል እወራረዳለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ማስጣል ራሱ ትርፍ ነው።

አምስተኛው፣ የመጨረሻው ካርታ ከወጣ በኋላ ግን ይሄ ምክንያት የለም።