ጄል ወይስ ሊቲየም? ለቤት ሶላር ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

«ሶላር አለኝ፤ ባትሪ ብጨምርበት የቤቴ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ከፍ ይላል? ከሆነስ የቱን ልግዛ?» ወዳጆቼ ይህን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን አንድ ላይ ልጻፈው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሶላር ሊቲየም ግዙ። ሊቲየም ስል ሊቲየም አየርን ፎስፌት የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ጄል ደግሞ ፈሳሹ የረጋ፣ የታሸገ የሊድ (እርሳስ) ባትሪ ነው። ገንዘብ ካጠረም ከትልቅ ጄል ትንሽ ሊቲየም ይሻላል።

መጀመሪያ የደረጃውን ነገር ልጨርስ። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ለቤት ከኤ (ምርጡ) እስከ ጂ የሚሰጠውን የኃይል ቁጠባ ደረጃ በዋናነት የሚወስኑት ጣሪያውና ግድግዳው ሙቀት የሚይዙበት አቅም፣ መስኮቱና ማሞቂያው ናቸው። ባትሪ ኃይል አያመነጭም። ቀን የተረፈውን የፀሐይ ኃይል ለማታ ያቆያል፣ በዚህም ከመስመር የምትገዙት ይቀንሳል። ደረጃውን የሚነካው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም የስሌቱ ዘዴ ባትሪን የሚቆጥር ከሆነ። ለምሳሌ እንግሊዝ ለነባር ቤቶች የምትጠቀምበት ዘዴ ባትሪን ማካተት የጀመረው በ2025 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁ ደረጃውን ማሻሻል ብቻ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውሉት። ባትሪ የሚገዛው ለማታው መብራትና በየወሩ ለሚመጣው ሂሳብ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ 200 አምፔር ጄልና 100 አምፔር ሊቲየም ጎን ለጎን ያስቀምጣል (አምፔር ሲሉ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን መጠን ማለታቸው ነው)። ጄሉ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ገዢው ታዲያ «በትንሽ ብር እጥፍ አገኘሁ» ይላል። አላገኘም።

ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ጄል በወረቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በላይ ባይወርድ ይመከራል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የምትጠቀሙት 1.2 ነው። የ100 አምፔሩ ሊቲየም 1.28 ይይዛል፤ 90 በመቶው ቢወጣ ምንም አይለውም፣ ማለትም 1.15 ገደማ። ሁለቱ በአንድ ሌሊት የሚሰጡት እኩል ነው ማለት ይቻላል!

ዕድሜውን ደግሞ ጨምሩበት። ጥሩ ጄል በግማሽ እየወረደ 1,000 ጊዜ ተሞልቶ ወጣ እንበል፤ ይህ ለእሱ አድልቼ ነው። ደህና ሊቲየም 3,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የጄሉ ዋጋ 100፣ የሊቲየሙ 150 ቢሆን እንኳ ጄሉ በሕይወቱ 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ሲሰጥ ሊቲየሙ 3,450 ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ስታካፍሉት ሊቲየሙ የጄሉን ግማሽ ያህል ነው የሚያስወጣችሁ። ሱቅ ስትገቡ ይህችን ስሌት በስልካችሁ ሥሩ፤ የአምፔሩን ቁጥር እርሱት።

ብክነትም አለ። ከጄል 1 ኪሎዋት ሰዓት ለማውጣት 1.25 ገደማ ማስገባት አለባችሁ፣ ለሊቲየም 1.05 አካባቢ ይበቃል። ፓነላችሁ ትንሽ ከሆነ በደመናማ ቀን ልዩነቱ ይታያል። ሙቀትም ሊድ ባትሪን ይጎዳዋል፤ ጄልም የሊድ ዘር ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት።

ጥገናው ላይ ነው ብዙ ያየሁት። ጄል ታሽጎ ስለሚመጣ ውሃ አይጨመርበትም። ግን ሳይሞላ ባዶውን ከርሞ ሰልፌት (ውስጡ የሚጋገር፣ ኃይል እንዳይዝ የሚያደርግ ነገር) ከያዘው አለቀለት። አራት በተከታታይ ከታሰሩ ደግሞ አንዱ ሲደክም ሦስቱን ይዞ ይወርዳል። አንዱን ብቻ በአዲስ ብትቀይሩ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ቶሎ ያረጃል። እና ሰው አንድ ባትሪ ተበላሸበት ብሎ አራት ይገዛል።

ሊቲየም «ሞተ» ተብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አልሞተም። ውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ቮልቱ ሲወርድ ራሱ ያጠፋዋል። ቴስተር ዜሮ ያነባል፤ ለሊቲየም የሚሆን ቻርጀር ሲሰካበት ግን ይነሳል። ሰሌዳው ራሱ ቢቃጠልም ከባትሪው ዋጋ በጥቂቱ ይቀየራል። ይህ የሚሆነው ግን ክዳኑ በብሎን ከታሰረ ነው። በማጣበቂያ የታሸገውን መክፈት መስበር ነው። ብሎን ያለውን ምረጡ።

ሊቲየም የሚያስፈራኝ በአንድ ነገር ነው፤ ፎርጅዱ በዝቷል። አንድ ዘመዴ በርካሽ የገዛውን ከፍቼ አይቻለሁ። የሳጥኑ ሲሶ ስፖንጅ ነበር። ሴሎቹ፣ ማለትም ኃይሉን የሚይዙት የውስጥ ክፍሎች፣ አዲስ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሰዋል፣ ጫፋቸው ላይ ግን የድሮው ብየዳ ተፍቆ ጠባሳው ይታያል፣ ኮዱም ተፍቋል። ያገለገሉ ሴሎች ናቸው። «100» ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ግማሹን እንኳ አልያዘም።

ስለዚህ መዝኑት። የ100 አምፔር አራቱ ሴሎች ብቻቸውን 8 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ከነሳጥኑ ከ10 ኪሎ በታች ከሆነ ጠርጥሩ። ከዚያ ሙሉ አድርጋችሁ 100 ዋት ጫኑበት። ደህናው በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) በኩል 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በ6 ሰዓት ውስጥ ከጠፋ መልሱት፤ ሻጩ ይህን ፈትሻችሁ መመለስ እንደምትችሉ ደረሰኙ ላይ ካልጻፈ አትክፈሉ።

ጄል የማልቃወመው መብራት አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጠፋበት፣ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ለሚቀመጥበት ቤት ነው። ቦታው ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚቀዘቅዝ ከሆነም ሊቲየም በዚያ ብርድ ቻርጅ መደረግ ስለሌለበት ቤት ውስጥ ቦታ ፈልጉለት።

በመጨረሻ ኢንቨርተሩን እዩ። ለሊድ የተሠራ ከሆነ «ኢኳላይዝ» የሚለውን አጥፉ፤ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሊቲየሙን ሰሌዳ በየጊዜው ያስዘጋዋል። የቻርጅ ቮልቱን ለባለ 12ቱ 14.4 አካባቢ አድርጉት። ቅንብሩ የማይቀየር አሮጌ ኢንቨርተር ካላችሁ ባትሪውን ከመግዛታችሁ በፊት የአዲስ ኢንቨርተር ዋጋም ደምሩበት።