አናቱ የተቆረጠ የብስክሌት መብራት፦ በሌሊት መናፈሻ ሲመዘን

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለመናፈሻ የሌሊት ጉዞ የሚሻለው የፊት መብራት ብርሃኑ ከላይ በኩል በቀጥታ መስመር የተቆረጠ፣ ከ50 እስከ 80 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) የሚሰጥና ቢያንስ ሁለት የብርሃን ደረጃ ያለው ነው። 1,000 ወይም 1,500 ሉመን (ከመብራቱ የሚወጣ ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) እየተባለ የሚሸጠው ክብ ጨረር ያለው መብራት ለጫካ ዱካ ግሩም ነው፤ መናፈሻ ውስጥ ግን ነጂውንም እግረኛውንም ያሳውራል። ሁለቱን የሚለያቸው ጉልበታቸው ሳይሆን ብርሃኑን የሚጥሉበት ቦታ ነው።

ክብ ጨረር ያለው መብራት በአሠራሩ የእጅ ባትሪ ነው። መሪው ላይ ታስሮ ፊት ለፊት ሲያይ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉ ወደ ላይ ሄዶ ቅጠል፣ ቅርንጫፍና የሰው ፊት ሲያበራ ይቀራል። አናቱ የተቆረጠው ደግሞ የመኪናን አጭር መብራት ይመስላል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ኤልኢዲው ፊቱን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ውስጠኛው መስተዋት አዙሮ ይቀመጣል፤ መስተዋቱ ብርሃኑን ሰብስቦ መሬት ላይ ያነጥፈዋል። ግድግዳ ላይ ስታበሩት ከላይ ጥርት ያለ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ሥር ብሩህ ጥብጣብ፣ ከዚያ በታች እየደበዘዘ የሚሄድ ብርሃን ታያላችሁ። የጀርመን የትራፊክ ደንብ የሚጠይቀው ይህን ዓይነቱን ነው፤ በ10 ሜትር ርቀት ቢያንስ 10 ሉክስ መስጠት አለበት፣ ከጠርዙ በላይ የሚያመልጠው ብርሃን ደግሞ ከ2 ሉክስ መብለጥ የለበትም። የሞገድ ምልክት፣ የላቲን ኬ ፊደልና ቁጥር የታተመበት መብራት ይህን ፈተና ያለፈ ነው። ሻጩ «አያሳውርም» ቢላችሁ ምልክቱን ፈልጉ፤ ከሌለ ግድግዳ ላይ አብርታችሁ ጠርዙን በዓይናችሁ እዩ።

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው የብርሃን ድምር ነው፤ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ሉክስ ግን አንድ ቦታ ላይ የደረሰውን ብርሃን ይለካል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሉክሱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ10 ሜትር 80 ሉክስ የሚሰጥ መብራት በ20 ሜትር 20፣ በ40 ሜትር 5 ሉክስ ይሰጣል። አምስት ሉክስ ትንሽ ይመስላል። ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሰማይ መሬት ላይ የምታሳርፈው ግን ከ0.3 ሉክስ ብዙም አይበልጥም፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ደግሞ በጨረቃ ብርሃን መንገዱን ከሣሩ ይለያል።

ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው ዓይን ጨለማን በመልመዱ ላይ ነው። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይላመዳሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አንድ ኃይለኛ ጨረር ይህን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል። የራሳችሁ መብራት ከነጭ ምልክት ሰሌዳ ወይም ከእርጥብ ቅጠል ላይ ነጥሮ ቢመለስባችሁም ውጤቱ ያው ነው። መናፈሻው ከመሸ በኋላ የሚሰጠው ደስታም በዚሁ ይጠፋል። መኪና በሌለበት መንገድ የጎማው ሽውታ ይሰማል፤ ፔዳል መምታት ሲቆም የኋላው ጎማ ጠቅታ ይቀራል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ኩሬ አጠገብ ወዳለው ዝቅታ ስትገቡ ፊታችሁ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ስትወጡ ይሞቃል። የዛፎቹ ጥላ ከሰማዩ ተለይቶ የሚታየው ከዓይናችሁ በላይ ያለው ጨለማ ካልተነካ ብቻ ነው። በ1,500 ሉመን የሚነዳ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው ነጭ ዋሻ ነው።

የተቆረጠው መብራት የሚጠቅመው ግን በልክ ከተስተካከለ ብቻ ነው። ብስክሌቱን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ አቁሙት፤ የነጂው ክብደት ስለሚያዘነብለው አንድ ሰው ይቀመጥበት። መብራቱ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩ። 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ግድግዳው ላይ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ይረፍ። በየ5 ሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር እየወረደ 30 ሜትር ላይ መሬት ይነካል ማለት ነው። በዚህ አቀማመጥ 10 ሜትር ላይ ያለ እግረኛ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻ ይበራል፤ እናንተ ታዩታላችሁ፣ እሱ ዓይኑን አይከልልም። ጠርዙን 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታደርጉት ብርሃኑ 45 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ትንሽ ጉብታ ወደ ሰው ዓይን ያነሳዋል። ለመናፈሻ 30 ሜትር ይበቃል። ጭጋግ ካለ ከዚህም ዝቅ አድርጉት፤ የውሃው ብናኝ ብርሃኑን ወደ እናንተ ስለሚመልሰው ጉልበት መጨመር ያባብሳል።

ይበቃል ያልነው ከፍጥነት ጋር ሲሰላ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 4.2 ሜትር ነው። በጨለማ አይቶ ፍሬን ለመያዝ 1.5 ሰከንድ ብንሰጥ ፍሬኑ ሳይነካ 6 ሜትር ያህል ታልፋላችሁ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ በመጠነኛ ፍሬን ለመቆም ሌላ 2 ሜትር ይጨመራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ድምሩ ወደ 16 ሜትር ይደርሳል። እርጥብ ቅጠል ላይ የፍሬኑ ጉልበት በግማሽ ቢቀንስ 22 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 30 ሜትር የሚያሳይ መብራት በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጠባብ ትርፍ ብቻ ይተዋል፤ በ15 ግን ምቹ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ከሁሉ የሚከፋው የፊት ፍሬን ይዞ መጠምዘዝ ነው፦ የፊት ጎማ ከከዳ መልሶ ማቅናት የማይታሰብ ነው። ቅጠሉ ሳይጀምር ፍሬን ያዙ፣ ቅጠሉ ላይ ልቀቁ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

መብራቱ የሚታሰርበት ቦታም ከሉክሱ እኩል ይመዝናል። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ሲያነሳው የሚፈጠረው እብጠት ቀለሙ ከመንገዱ አይለይም፤ የሚያሳየው ጥላው ነው። መብራቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥላው ይረዝማል። ከመሪው ይልቅ ከፊት ጎማው በላይ፣ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የታሰረ መብራት ጉድጓድንና ሥርን አጉልቶ ያወጣል። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት በተቃራኒው ነው፤ ብርሃኑ ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሚነሳ ጥላው ከዕቃው ጀርባ ይደበቅና መንገዱ ሁሉ ለጥ ያለ ይመስላል። ፊት ላይ ቅርጫት ካለ ግን ዝቅ ማድረጉ አይሠራም፤ ብርሃኑ በቅርጫቱ ይከለላል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ እንምጣ፤ አሉ። የመጀመሪያው በራስ ቁመት የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ነው። አናቱ የተቆረጠ መብራት ከጠርዙ በላይ ያለውን ስለማያበራ ከዝናብ በኋላ ከብዶ የወረደ ቅርንጫፍ ፊታችሁ ላይ እስኪደርስ አይታይም። ሁለተኛው ጠባብ ኩርባ ነው፤ ብርሃኑ መሪውን እንጂ ዓይናችሁን አይከተልም፣ የጥብጣቡ ስፋትም ውስን ስለሆነ የምትታጠፉበት አቅጣጫ ጨለማ ይሆናል። ሦስተኛው ቁልቁለት አልቆ ዳገት ሲጀምር ነው፦ ጨረሩ በድንገት ያጥራል። ለሦስቱም የምንመክረው አንድ መላ ነው፤ 100 ሉመን ያህል ያለው ትንሽ የግንባር መብራት ይኑር፣ ጠፍቶ ይቆይ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት ወይም የሚታጠፍ መንገድ ሲመጣ ብቻ ይብራ። ሰው ሲመጣ ጭንቅላትን ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው።

መናፈሻው የራሱ መብራት ካለውም አትዘናጉ። ከምሰሶው ሥር ያለው ክብ ብርሃን የዓይንን ብሌን ያጠብብና በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለውን ጨለማ ያጠቁረዋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሯጭ የሚጠፋው እዚያ መካከል ነው። ጆሮውን ከዘጋ ደወሉንም አይሰማም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከኋላ ስትደርሱበት የሚያስጠነቅቀው መሬት ላይ ቀድሞት የሚሄደው ብርሃናችሁ ነው፣ ክብ ጨረርም ቢሆን እዚህ ላይ አይከፋም። ከሁሉ አደገኛው ግን የውሻ ማሰሪያ ነው፦ ሰውየው በመንገዱ አንድ ዳር፣ ውሻው በሌላው፣ በመካከላቸው ቀጭን ጥቁር ገመድ። ገመዱን የትኛውም መብራት በጊዜ አያሳይም። የሚታየው የውሻው ዓይን ነው፤ ከዓይኑ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ብርሃኑን ስለሚመልስ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ያበራል። የሚያበራ ዓይን በአንድ ዳር፣ የቆመ ሰው በሌላው ካያችሁ በመካከል ገመድ አለ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። መግቢያው ላይ መኪና እንዳይገባ የተተከሉት አጫጭር ምሰሶዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ግራጫ ከሆኑና አንጸባራቂ ካልተለጠፈባቸው ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላሉ።

የብርሃኑን ቀለም ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ መጠየቅ አለበት። 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈበት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብርሃን ዓይንን ይወጋል፣ ቡናማ ቅጠልና ጭቃንም ከአስፋልት በደንብ አይለይም። ከ4,000 እስከ 4,500 ኬልቪን ያለው ይሻላል፤ ለተመሳሳይ ባትሪ ትንሽ ሉመን ቢጎድለውም።

ባትሪው ላይ የማሸጊያው ቁጥር ያታልላል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ሊቲየም ሕዋስ 3.6 ቮልት ነው፤ 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከያዘ 10.8 ዋት ሰዓት ይሆናል። 5 ዋት የሚስብ መብራት ሁለት ሰዓት ያበራል፣ ሲበርድ ደግሞ ያነሰ። «20 ሰዓት» የሚለው ቁጥር በዝቅተኛው ደረጃ የተገኘ ነው። ባትሪው ተከፍቶ የሚቀየር ከሆነ መብራቱ ከባትሪው በላይ ይኖራል፤ ያልሆነውን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ቁልፉ ደረጃ ሲቀይር በ«ጠፍቷል» በኩል የሚያልፍ መብራት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሰው ሲመጣ ዝቅ ላደርግ ብላችሁ ጨለማ ውስጥ ትገባላችሁ።

በየምሽቱ ለሚነዳ ሰው ከባትሪ ይልቅ በጎማው እምብርት ውስጥ ያለ ዲናሞ ይሻላል። መደበኛው 6 ቮልት፣ 3 ዋት ነው። በዚህ ጉልበት የቡሽ ኡንድ ሙለር ኩባንያ አይኪው ኤክስ የተባለው የፊት መብራት 100 ሉክስ ይሰጣል፤ ለመናፈሻ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የዲናሞ ድካሙ በእግር ርምጃ ፍጥነት ስትነዱ ነው፤ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል። ስትቆሙ ለጥቂት ደቂቃ የሚያበራ የተጠራቀመ ጉልበት ያለውን ሞዴል ምረጡ። መንኮራኩሩን መቀየር ግን ወጪ ነው፤ በሳምንት አንድ ምሽት ለሚወጣ ሰው አያዋጣም።

የኋላው መብራት ቀላል ነው፦ ቀይ፣ የማይበለጭልጭ፣ ከኮርቻው ሥር፣ ኮት የማይሸፍነው። ብልጭልጩ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ርቀቱን ለመገመት ያስቸግራል። ከጃኬት ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ጥብጣብ ይበልጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ያየው ሁሉ ፔዳል የሚመታ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ማሰሪያውን በተመለከተ የጎማ ማሰሪያ መብራቱን ከብስክሌት ወደ ብስክሌት ለማዘዋወር ይመቻል፣ ግን ሻካራ መንገድ ላይ መብራቱ ቀስ በቀስ ያዘነብላል፣ ያስተካከላችሁት ጠርዝም ይበላሻል። በብሎን የሚጠብቀው ይሻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የመሪያችሁን ውፍረት ለኩ፣ ብዙውን ጊዜ 31.8፣ 25.4 ወይም 22.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማሰሪያው ትንሽ ከሰፋ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከሥሩ አስገቡ። አይፒኤክስ 4 የተጻፈበት መብራት የዝናብ ፍንጣቂ ይችላል፣ ግን ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ነው፦ የላስቲክ መክደኛው ሙሉ በሙሉ ካልተጫነ ምልክቱ ምንም አይረዳም። መክደኛው ከተቀደደ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፉና ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት።