ያመለጠንን እርምጃ ለሚያሳየን ለሊቼስ የቀረበ ምስጋና

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግነው ሊቼስ የተባለውን የቼዝ ድረ ገጽና በነጻ የሚያገለግሉበትን ሰዎች ነው። ቼዝ የምትጫወቱ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ልጆች የምታስተምሩ፣ ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ስሙን ታውቁት ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን ተጫውቶበት ይወጣል። እኔ የማወራው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው።

እኛ ሰፈር ቼዝ የሚለመደው እንዲህ ነው። የሚችል ሰው አለ፤ ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፣ ይሸነፋሉ፣ እንደገና ይደረድራሉ። ሰውየው ጊዜ ካለው "እዚህ ጋ ፈረሱን ባታነሳው ኖሮ" ብሎ ያሳያል። ከቸኮለ ግን "በል ደርድር" ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አያስታውሰውም፣ ጨዋታው እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው እሁድ ያው ሩክ፣ ያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መንገድ ይበላል። ዓመታት ተጫውተው አንድ ደረጃ ላይ የቀሩ ጎበዝ ሰዎች አውቃለሁ። ችሎታ አጥተው አይመስለኝም። ወደኋላ ተመልሶ የሚያሳያቸው ስላልነበረ ነው።

ሊቼስ ይህን ክፍተት ነው የሞላልን። አሠራሩ ቀላል ነው። ጨዋታው እንዳለቀ የመተንተኛውን ሰሌዳ ትከፍቱና የኮምፒውተር ትንተና ትጠይቃላችሁ። ትንሽ ስትጠብቁ ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመርምሮ ይመጣል። የሚመረምረው ስቶክፊሽ ነው፤ ዛሬ ካሉት ጠንካራ የቼዝ ፕሮግራሞች ከፊተኞቹ አንዱ። ችግር ያለባቸውን እርምጃዎች በሦስት ይለያቸዋል፦ ቀላል ግድፈት፣ ስህተት፣ ከባድ ስህተት። ጨዋታው ወዴት እንዳጋደለ የሚያሳይ መስመርም ከሥሩ አለ።

እስከዚህ ያለው ሌላም ቦታ ይገኛል። እኔን የማረከኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ከስህተት መማሪያ ነው። ይህን ቁልፍ ስትጫኑ መልሱን አይነግራችሁም። ጨዋታውን ወደ ተሳሳታችሁበት ቦታ ይመልስና የተጫወታችሁትን በቀስት አሳይቶ የተሻለ ፈልጉ ይላችኋል። ከዚያ ዝም። ሞክራችሁ ካልሆነ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። ያገኛችሁት እርምጃ ኮምፒውተሩ የመረጠው ባይሆንም ጥሩ ከሆነ ይቀበላችኋል። አልሆን ካለ መፍትሔውን ማየት ይቻላል፤ ግን ያ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትክክለኛውን እርምጃ ያየ ሰው "አሃ" ብሎ ያልፋል። ራሱ ፈልጎ ያገኘ ሰው ግን አይረሳውም። በዚያ ላይ ቦታው ከራሱ ጨዋታ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ምን እያሰበ እንደነበር ያውቃል፣ ለምን እንዳላየውም ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ነጭ ይዛ ትጫወት ነበር። ወታደሯን ኢ4 ላይ ገፍታ ከፈተች (ፊደሉና ቁጥሩ የሰሌዳውን ካሬ ይነግራሉ)፣ ጥቁሩ ኢ5 መለሰ። ፈረሷን ኤፍ3 ስታወጣ ዲ6 ገፋ። ቢሾፗን ሲ4 ስታስቀምጥ እሱ የራሱን ቢሾፕ ጂ4 ላይ አምጥቶ ፈረሷን ከንግሥቷ ጋር አሰረባት። ሁለተኛውን ፈረስ ሲ3 አወጣች፣ እሱ ጂ6 ገፋ። እሷም ካስሊንግ አደረገች። ምንም የሚያስወቅስ ነገር የለውም፤ ንጉሥን መጠበቅ ጥሩ ነው ተብሎ ተነግሯታል።

በኋላ ትንተናው ወደዚያች ቦታ መለሳትና የተሻለ ፈልጊ አላት። ብዙ አየችው። የታሰረው ፈረስ ላይ ስትደርስ እየዘለለችው ታልፋለች። ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቷ ትበላለች፣ ስለዚህ አይነካም። በመጨረሻ ዞር ብላ "አጎቴ፣ ንግሥቴን ባስበላስ?" አለችኝ። እኔ ምንም አልመለስኩም፤ ሰሌዳው ይመልስላታል። ፈረሱን አንስታ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በላች። ትክክል ነበር። ጥቁሩ ንግሥቷን ከበላ ቢሾፗ ኤፍ7 ላይ ቼክ ይላል፣ ማለትም ንጉሡን ያጠቃል፣ ንጉሡ ያለችው መሸሻ ኢ7 ብቻ ናት፣ ከዚያ ሁለተኛው ፈረስ ዲ5 ላይ ሲያርፍ ማት ነው፤ ንጉሡ ማምለጫ የለውም፣ ጨዋታው አለቀ። ንግሥቷን ትቶ ፈረሱን ቢበላ ደግሞ ንግሥቷ ቢሾፑን ትበላና ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ይህ የሌጋል ማት የሚባለው የቆየ ዘዴ ነው። እኔ ቀድሜ ባስተምራት ኖሮ አንድ የተሸመደደ ዘዴ ይሆንባት ነበር። አሁን ግን የታሰረ ነገር ሁሉ በእርግጥ ታስሯል ወይ ብላ መጠየቅ ጀምራለች።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እሷ በዚያች እርምጃ ምንም አላጣችም። ያጣችው ተቃዋሚዋ የሰጣትን ዕድል ነው። አብዛኞቻችን ጨዋታ ስንገመግም ምን አስበላሁ የሚለውን ብቻ ነው የምንፈልገው። ምን ሳልበላ ቀረሁ የሚለው ይዘለላል። አማተሮች ስንጫወት ደግሞ ሁለታችንም እንሳሳታለን፣ የአንዱን ስህተት ሌላው አያይለትም፣ ጨዋታውም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ካሸነፍንማ ከነጭራሹ አንገመግመውም። ያሸነፋችሁትንም አስተንትኑት። የራሳችሁን ስትጨርሱ ሊቼስ የተቃዋሚያችሁንም ስህተቶች እንድትገመግሙ ይጋብዛችኋል። እሱንም አትለፉት።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ሶቺ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ጨዋታ፣ ማግኑስ ካርልሰን በ26ኛው እርምጃ ንጉሡን ወደ ዲ2 አነሳ። ከባድ ስህተት ነበር። ቪሽዋናታን አናንድ በፈረሱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ጨዋታው ወደ እሱ ያጋድል ነበር። አናንድ ግን ዳር ያለውን ወታደር ገፋ። ካርልሰን ያን ጨዋታ አሸነፈ፣ ዘውዱንም ይዞ ቆየ። አናንድ ያን ፈረስ ማስላት አቅቶት አይደለም። ካርልሰን እንዲህ ይሳሳታል ብሎ ስላልጠበቀ ነው። እኛም ሰፈር ውስጥ ከሚበልጠን ሰው ጋር ስንቀመጥ ይኸው ነው የሚሆነው። ጎበዝ ነው ብለን ያስቀመጠውን ሁሉ እናምናለን።

የእህቴ ልጅ ተሸንፋ ስትከፋ ደግሞ በ2024 ሲንጋፖር ላይ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው የማሳያት። ሻምፒዮን የነበረው ዲንግ ሊረን በመጨረሻው፣ በ14ኛው ጨዋታ፣ በ55ኛው እርምጃ ሩኩን ኤፍ2 ላይ አስቀመጠ፤ ከባድ ስህተት ነበር። በዚያች እርምጃ የ18 ዓመቱ ጉኬሽ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እሷ ይህን ስታይ ትረጋጋለች፤ ቀጥሎም ወደ ራሷ ጨዋታ እንመለሳለን።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ጠቃሚ ነገር በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የወሰዳችሁትን ጊዜ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው። ከባድ የተባለው ስህተት ላይ ስንት ሴኮንድ እንዳሰባችሁ ተመልከቱ። ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ከሆነ ችግሩ የእውቀት አይደለም፣ የችኮላ ነው። መድኃኒቱም የተለየ ነው፤ መጽሐፍ አያስፈልገውም፣ እጅን መያዝ ነው። ረዥም አስባችሁ ከሆነ የተሳሳታችሁት ግን ያልገባችሁ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱ ላይ ነው መቀመጥ ያለባችሁ። ለዚህ ሲባል የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ለመማር አይሆንም። 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሴኮንድ የሚጨመርበትን እመክራለሁ።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ትንተናውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጨዋታውን ብቻችሁን አንድ ጊዜ እዩት። የት የተበላሸ ይመስላችኋል? ከዚያ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያዩ። ግምታችሁና ማሽኑ የተለያዩበት ቦታ ላይ ነው ብዙ የምትማሩት። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ የሚለውን ሁሉ አትከተሉ። ስቶክፊሽ ምን መደረግ እንዳለበት እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። አንዳንዱ የሚያሳየው እርምጃ ለእኛ ደረጃ ትርጉም የለውም። በአንድና በሁለት እርምጃ የሚበላ ነገር፣ ያመለጠ ሹካ (በአንድ እርምጃ ሁለት ነገር ማጥቃት)፣ ያልታየ ማት፣ እነዚህ ይበቃሉ። ቀላል ግድፈት የተባሉትን ለጊዜው እለፏቸው።

በእጅ የምትጫወቱም አልቀረባችሁም። እርምጃውን ወረቀት ላይ መዝግባችሁ በኋላ ታስገቡታላችሁ፣ ትንተናው ያው ነው። አስተማሪ ከሆናችሁ የተማሪዎቻችሁን ጨዋታ በምዕራፍ አድርጋችሁ የምታጋሩበት የጥናት ክፍል አለው። የእንቆቅልሽ ክፍሉ ደግሞ የተሠራው እዚያው በተጫወቱ እውነተኛ ጨዋታዎች ነው፤ ከራሳችሁ ጨዋታ የወጡትንም ለይታችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

የችሎታ ደረጃችሁን የሚያሳየውን ነጥብ ግን ከሌላ ቦታ ጋር አታወዳድሩት። አዲስ ሰው የሚጀምረው 1500 ላይ ስለሆነ የሊቼስ ቁጥር ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደረጃ ጋር አንድ አይደለም። ጨዋታ ላይ እያሉ ትንተና መክፈትም ማጭበርበር ነው፤ ለልጆች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የሚከፍል ሰው ብቻ የሚያገኘው ክፍልም የለውም። በ2010 ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር ጀመረው፤ ዛሬ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው የሚያስተዳድረው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የሚቆመው በስጦታ ነው። የሚረዳ ሰው የሚያገኘው ስሙ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ የክንፍ ምልክት ብቻ ናት። ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በዶላር ካርድ በየወሩ መክፈል ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። እዚህ ግን የእህቴ ልጅ የምታገኘው ትንተና ፓሪስ ያለ ልጅ ከሚያገኘው አንዲት ነገር አይጎድልበትም።

ትንተናውን የሚሠሩት ኮምፒውተሮችም አብዛኛዎቹ የበጎ ፈቃደኞች ናቸው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች የራሳቸውን ማሽን አብርተው፣ የራሳቸውን መብራት ከፍለው፣ የማያውቁትን ሰው ጨዋታ ያስተነትናሉ። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ዓረብ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ መክፈል ይቀላችኋልና ትንሽ ብትለግሷቸው፣ ወይም ሥራ ፈቶ የሚያድር ኮምፒውተር ካላችሁ ብታውሷቸው፣ እዚህ ያሉ ልጆችን ጨዋታ ጭምር ነው የምትደግፉት።

ቲቦና ባልደረቦቹ፣ ኮምፒውተራቸውን ያዋሱን ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ። ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።