አንድ የአዳማ ሰፈር እድር፣ ወንድሜን በቀበርንበት ሳምንት እንዳየሁት

ይህ አስተያየት በአዳማ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም በማይርቅ ሰፈር ስላለ አንድ እድር ነው። ጉድለቱንም ስለማነሣ ስሙን ትቼዋለሁ። እናቴ የዚህ እድር አባል ከሆነች 19 ዓመት አልፏታል፤ ወርኃዊ መዋጮውም አሁን 100 ብር ደርሷል። እኔ ግን ታናሽ ወንድሜ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር እስካረፈበት ሌሊት ድረስ እድሩን የማውቀው በእሑድ ስብሰባውና በቀሪዎች ላይ በሚጥለው ቅጣት ብቻ ነበር።

ወንድሜን የገደለው አረቄ ነው። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በሕግ ታግዷል፤ አረቄ ግን ድሮም ማስታወቂያ አስፈልጎት አያውቅም። ልጁ ሁለት ጊዜ በራሱ ፈቃድ አቁሞ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሌለ ሰው ያናግር ነበር፣ በመጨረሻም አንቀጥቅጦ ጣለው። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥ ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል መሆኑን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ጉበቱ ሲጎዳ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱም ውኃ ቋጠረ፤ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና አዲስ አበባ ለመመላለስ ስንል የነበረንን ጨርሰን ተበድረንም ነበር። ሞቱ የደረሰብን ለሣጥን የሚሆን ገንዘብ እንኳ በቤት ውስጥ በሌለበት ሰዓት ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለእድሩ ዳኛ ስልክ ደወልን። ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ተነፋ፤ 1 ሰዓት ሳይሞላ የድንኳኑ ቋሚዎች በራችን ላይ ተተከሉ። የእድሩ ፀሐፊ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣና ከእናቴ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ስንት ሰዓት ላይ አረፈ? የት ነው የሚቀበረው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። እኔ በምን ሞተ ለሚለው ጥያቄ «በጉበት ሕመም» የሚል መልስ አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። በደብተሩ ላይ ግን የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ጭራሽ እንደሌለ አየሁ። በዚያው ሰዓት ከአጥር ውጭ «ራሱ ነው ራሱን የገደለ» የሚል ድምፅ እየተሰማ ስለነበር፣ የዚያ ቦታ አለመኖር ለእኔ ከገንዘቡ ይበልጥ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ስመለስ ቅሬታ አለኝ። የመተዳደሪያ ደንቡ ለአባል ልጅ 15,000 ብር ይፈቅዳል፤ ልጁ ራሱን ችሎ ከቤት ከወጣ ግን ክፍያው በግማሽ ይቀነሳል። ወንድሜ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ስለነበር፣ ኪራዩን ከአንድ ዓመት በላይ የከፈለችው እናቴ ብትሆንም፣ ራሱን እንደቻለ ተቆጠረና 7,500 ብር ተፈቀደልን። ሣጥኑ ብቻ 9,000 ብር ነበር። ከተፈቀደውም ግማሹን ጧቱን በእጃችን ሲሰጡን፣ ቀሪው የሞት ምዝገባ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ 12 ቀን ቆየ። በሱስ የተያዘ ልጅ ከቤት ወጣ ማለት ራሱን ቻለ ማለት እንዳልሆነ ደንቡን ያረቀቁት ሽማግሌዎች አላሰቡበትም፤ ይህ አንቀጽ መሻሻል አለበት።

ጉድለቱን የሞላው ደንብ ሳይሆን ሰው ነው። ዳኛው ከቀብር መልስ አንድ ነጭ ወረቀት በድንኳኑ ውስጥ አዙረው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት የቻለውን አዋጥቶ፣ 11,300 ብር በፖስታ ታሽጎ ለእናቴ ተሰጣት። የሰጪዎቹ ስም ዝርዝር ግን ከፖስታው ጋር አልመጣም፤ ዳኛው ለምን እንደያዙት ስጠይቃቸው «ብድር እንዳይመስላት ነው» አሉኝ። ለሦስት ቀን እዝኑ ከየቤቱ በተራ ይመጣ ስለነበር ለምግብ ያወጣነው ወጪ የለም። የአዳማን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው የድንኳኑ ጥላ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ በአንድ ጎኑ ተቀድዶ በማዳበሪያ ከረጢት የተጣፈ ቢሆንም።

በሰልስቱ ዕለት ወንድሜ በዱቤ ይጠጣበት የነበረ ቤት ባለቤት የሒሳብ ደብተር ይዛ መጣች። ዳኛው ከአግዳሚው ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ወሰዷትና «ልጄ፣ ድንኳን ውስጥ ዕዳ አይጠየቅም» አሏት። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አልሰማችም። እንዲህ ያለው አገልግሎት በደንቡ ላይ የለም፤ ዳኛ በተለወጠ ቁጥርም ይኖራል ማለት አልችልም።

እኔም ካለፈው ወር ጀምሮ በራሴ ስም ተመዝግቤአለሁ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የግማሽ ክፍያውን አንቀጽ ለማንሣት አስቤአለሁ። ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ዕቃ ሲቆጠር፣ ከታች በቀይ ቀለም ምልክት ከተደረገባቸው ብርጭቆዎች አንዱ ጎደለ። ፀሐፊው 40 ብር አስከፍሎን ደረሰኝ ቆረጠልን።